የመቀነቷ ሥዕል

የዝና የምትባለው ሴት ሰው ልትገድል እንደምትፈልግ በሰፈራ መንደሩ በአምባ ዐሥራ ዘጠኝ የማያውቅ ሰፋሪ አልነበረም። ማንን እንደሆነ ደግሞ ጠያቂም አልነበረም።

በ1977 ካድሬው ደምመላሽ ወሎ ድረስ ሄዶ፣ እርዳታ በሚታደልበት ሜዳ ላይ ለሰፈራ የሚቀሰቅስ ባለ ሥዕል ትንሽ መጽሐፍ አደለ። የዝና ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕሉን ግን አነበበችው። ሽፋኑ ላይ የቆርቆሮ ቤት፣ ጥንድ በሬ፣ ከሰው የረዘመ በቆሎና አጥር ሥር ቆሞ ቤቱን የሚያይ ልጅ ነበሩበት።

«ይሄ ልጅ የእኛው ልጅ ነው» አለች ባሏን። እሱ አልሄድም ቢል ለምና፣ አልቅሳ መኪና ላይ ያወጣችው እሷ ራሷ ናት።

አሶሳ ሲደርሱ የጠበቃቸው ሣርና ወባ ነበር። ባሏን በሐምሌ ቀበረች፣ ልጇን በመስከረም። የመጽሐፉን ሽፋን ገንጥላ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ደምመላሽ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ገጀራዋን ትሞርዳለች። ደምመላሽ ሽጉጡን ነካ አድርጎ ይስቅና ያልፋል።

«ተይ እህቴ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ትላታለች ጎረቤቷ ወለተ ማርያም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ትላለች የዝና።

በዓመቱ ዋኘው የሚባል የሥዕል መምህር ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። ልብሱ በአንድ ፌስታል ያለቀ፣ ባለ ሥዕል መጻሕፍቱ ግን አንድ የቆርቆሮ ሣጥን የሞሉ ሰው ነው። እጁን ሳይታጠብ አንዱንም አይገልጥም። ከገለጠ ደግሞ መዝጋት የለም፤ ይሄ ቀይ ለምን እዚህ ገባ፣ ይሄ ባዶ ቦታ ለምን ተተወ እያለ ምሳውን ይረሳል። ሰፋሪው መጀመሪያ ሳቀበት፣ ኋላ ወደደው። ክፉ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አዋቂዎችን መሠረተ ትምህርት ያስተምር ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ገበያ ሣለ። በስተመጨረሻ ከፊት ለፊት ጀርባውን የሰጠ ልጅ ጨመረበት።

«መምህር፣ ፊቱን ለምን ከለከሉት?» አለች የዝና።

ዋኘው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ ነፍሱ ነው። «ፊት ከሰጠሁት የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ግን የሚያየው ሁሉ የራሱን ልጅ ያስብና ተከትሎት ይገባል! ማተሚያ ቤት ስሠራ ይህ ልጅ ከሥዕሌ አይጠፋም ነበር። ሌላው ሠዓሊ ሁሉ ፊት ካልሣልኩ ብሎ...»

ንግግሩን ሳይጨርስ ደምመላሽ በሩን በርግዶ ገባ። የኢምፔሪያሊስት ሥዕል ታስተምራለህ አለና ሣጥኑን አስጭኖ ሄደ። በሳምንቱ የመጻሕፍቱ ገጾች በቢሮው የተሰበረ መስኮት ላይ በሙጫ ተለጥፈው ታዩ። ዋኘው አይቷቸው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የዝና ያን ዕለት ወደ እሱ ሄደች። «ሥዕል ያስተምሩኝ» አለችው።

«ለምንሽ?»

«አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ አንድ ቦታ እንዲገኝልኝ እፈልጋለሁ።»

ዋኘው ወደ ደምመላሽ ቢሮ አየት አደረገና እርሳስ ሰጣት።

ሁለት ወር ተማረች። በጎን ደግሞ ማንጎ ሻጩን ኦመርን የካድሬውን ውሎ ትጠይቀው ነበር።

«ካድሬ ማክሰኞ ቢሮ ትቀመጣለች፣ ረቡዕ ሆሞሻ፣ ሐሙስ ባምባሲ፣ ጁምዓ እዚህ ትመጣለች፣ ማንጎ በነጻ ትበላለች» አለ ኦመር በተሰባበረ አማርኛው። ቀጥሎ ገጀራዋን አየና «ወላሂ፣ እኔ ምንም አላልኩም» አለ።

ከዚያ ለዋኘው ሥዕሏን አመጣችለት። ከአምባው በታች ያለው ወንዝ ነው፤ ዳሩ ላይ ሾላ፣ ከሾላው ሥር ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው።

«አቤት አቀማመጥ!» አለ ዋኘው። «ዓይኔን ጎትቶ እሱ ላይ ጣለው። ማነው?»

«እርስዎ ነዎት። ደምመላሽ በሥራ ሰዓት ወንዝ ወርደው እንደሚሥሉ ከሰማ ሊይዝዎ ይሮጣል። የሚነግረውን ሰው ለእኔ ይተዉልኝ። እኔ ከሾላው ጀርባ እሆናለሁ።»

ዋኘው ሥዕሉን ደግሞ አየው። መስኮቱ ላይ የተለጠፉት ገጾቹ ትዝ አሉት።

«እኔ ምን ላድርግ?»

«እንደ ሥዕሉ ይቀመጡ። ድምፅ ቢሰሙ እንኳ ዘወር እንዳይሉ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ ከሰዓት ዋኘው ከሾላው ሥር ልክ እንደ ሥዕሉ ተቀመጠ። ፈርቶ ነበር፤ ግን ደስም ብሎታል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ወንዙን መሣል ጀመረ። ከኋላው ደረቅ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማ፤ እንደ ቃሉ ዘወር አላለም።

«መጣ?» አለ በሹክሹክታ።

«ይህን ይያዙልኝ» አለች የዝና። እጇ ከበስተኋላው መጣና የተጣጠፈ፣ ላብ የጠገበ ወረቀት ጭኑ ላይ አኖረ።

ዋኘው ዘረጋው። የቆርቆሮ ቤት፣ ጥንድ በሬ፣ ከሰው የረዘመ በቆሎ፣ አጥር ሥር ጀርባውን የሰጠ ልጅ።

«እንዴ፣ የእኔ ሥራ እኮ ነው!» አለ ደስ ብሎት። «ከየት አገኘሽው?»

ደምመላሽ እንደ ሌላው ሐሙስ ሁሉ ባምባሲ ነበር፤ የዝናም የሚነግረው ሰው አልላከችም።