የሙና ፈቃድ

ሼኽ ሙሀመድኑር ጓዳው በር ላይ ቆመው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። «ልጄ ሙና፣ ሙጂብን ልታገቢ ፈቅደሻል? ኒካሁን እንዲያስርልሽ አባትሽን ወክለሻል?»

ሙና ፍራሹ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እናቷ ሀዲጃ ሁለቱንም እጆቿን በነጠላቸው ስር ጥብቅ አድርገው ይዘዋል።

«ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» አለ አጎቷ ከማል። «ከጨፋ ሮቢት የመጡት የሙጂብ ሰዎች ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ይታሰር እንጂ።»

«ሰምታ ዝም ያለች እንደሆነ ነው» አሉ ሼኹ። «ይቺ መቼ ሰማች? እዚህ ቤት ቋንቋዋን የሚያውቅ ማነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ረቢአ ዞረ፤ የሙና ወንድም ሚስት ናት። ሙና ደሴ፣ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ተምራ ስትመለስ ቤተሰቡ የማያውቀው የምልክት ቋንቋ ይዛ መጣች። ቤት ውስጥ ግን «ብዪ»፣ «ነዪ»፣ «ላሟን እሰሪ» ከማለት ያለፈ በእጁ የሚያናግራት አልነበረም። ረቢአ ብቻ ከሰባት ወር ወዲህ፣ ራሷም መስማት የተሳናት ጀነት የምትባል መምህርት ዘንድ እየሄደች ትማራለች። ከሙና ጋር ገበያውን፣ የጎረቤቱን ሐሜት ያወራሉ፣ ይስቃሉ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ጠይቃት አታውቅም።

ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ሙና ቀና ስትል፣ በምልክት ጠየቀቻት፦ ሙጂብን ማግባት ትፈልጊያለሽ?

የሙና ትከሻ ተንቀሳቀሰ፤ እጇ ግን አልወጣም።

«እናቴ፣ እጇን ይልቀቁልኝ» አለቻቸው ረቢአ።

«አይዞሽ ብዬ ያዝኳት እንጂ ምን አደረግኋት?»

«አፏን ነው የያዙት።»

ሀዲጃ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። የሙና እጆች ወጡና ፈጠን ብለው ተናገሩ፦ እሱ። የምልክት ቋንቋ። ያውቃል።

«ማል ጄቴ? ምን አለች?» አለ ከማል።

«የምልክት ቋንቋ ያውቃል አለች።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ወዳዋለች ማለት ነው።» ሼኹን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሳሎን መለሳቸው። ዱዓው ተጀመረ።

ሙና ወለሉን በተረከዟ መታች። ረቢአ ዞር ስትል የሙና ቅንድቦች እንደተሰቀሉ ናቸው። ጀነት «እጄን ብቻ አትመልከቺ፣ ጥያቄዬ ፊቴ ላይ ነው» እያለች ስንቴ አርማታለች። ሙና ያውቃል አላለችም።

ምራት ኒካህ ሊታሰር ወንዶች መሀል ስትገባ ረቢአ አይታ አታውቅም። የሙጂብ እጅ በሙና አባት እጅ ውስጥ ገብቷል፤ ነጩ ጨርቅ ሊጣልበት ነው።

«ሼኻችን፣ ይቆዩ። ተሳስቻለሁ።» ድምጿ ለራሷም ቀጠነባት። «ያውቃል አላለችም። ያውቃል ወይ? ነው ያለችው።»

«ሰው ፊት ልታዋርጂን ነው?» አለ ከማል በጥርሱ።

ሼኹ ወደ ሙሽራው ዞሩ። «የተጠየቅከው አንተ ነህ።»

ሙጂብ «አላውቅም» አለ። «ሁለቴ አይቻታለሁ፤ ሁለቴም ፈገግ አለችልኝ። ይበቃል መስሎኝ ነበር።»

ረቢአ መልሱን ለሙና አደረሰች። ሙና ብዙ ተናገረች። ረቢአ አሁን ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል አስጨረሰቻት፤ አስደገመቻትም። ከዚያ ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ቃሏን እንዳለ ተናገረች።

«ደግ ሰው ይመስለኛል። ግን ዕድሜ ልኬን ባሌን በሰው አፍ አላናግርም። ይማር፤ እጠብቀዋለሁ። ዛሬ ግን አልፈቀድኩም።»

ሼኹ ነጩን ጨርቅ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ኒካህ የለም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። የሙና አባት የሙጂብን እጅ የለቀቁት መጨረሻ ላይ ነው።

ሙና መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች፤ ረቢአም ከጎኗ። ሙጂብ በሽማግሌዎቹ መሀል አንገቱን ደፍቶ ግቢውን ካቋረጠ በኋላ በሩ ላይ ቆም ብሎ ዞረ። እጁን አነሳ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም።

ሙና ከመስኮቱ መስታወት ጀርባ፣ ቀስ ብላ፣ እጠብቅሃለሁ የሚለውን አሳየችው። ሰዎቹ ከመኪናው ሆነው ይጠሩታል። እሱ ደገመው፤ ተሳሳተ። አንገቷን ነቀነቀችና እንደገና አሳየችው።