ተድላ የቀመሰው ማሽን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ በሩንም ገፋ አድርጉት። የነሐሴ ዝናብ ነው፤ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ሰው ሲያወራ ይጮህበታል። ይሄ ነገር የሆነውም እንዲህ ባለ ክረምት ነው።

የማንኪራዋ አልጋነሽ ደረቷን ያቃጥላት ጀመር። በልታ ጋደም ስትል ይብስባታል። እናቷ የሞተችው በልብ ነበርና ፍርሃቱ ከማቃጠሉ በለጠባት።

ባሏ ተድላ ቦንጋ ካልወሰድኩሽ አለ። በጫካው መንገድ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ይቆማል። "እረፊ እንጂ አንቺ ሴት፣ ምን ያስቸኩልሻል?" ይላታል፤ ይልና ቀድሞ ግንድ ላይ ይቀመጣል። እሷ ለገበያ ያወጡትን የማር ባልዲ እንደያዘች ቆማ ትጠብቀዋለች። እንዲህ የሚያስብላት ባል ነበራት እናንተዬ።

ክሊኒኩ ሲደርሱ የልብ ምት የሚለካው ማሽን ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጥሎት፣ ኢዮሲያስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ እያደሰው ነው። ነርሷ ትሁት አጠገቡ ቆማለች።

"ልብ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እንደ ሹክሹክታ ነው እማማ" አላት ኢዮሲያስ። "ይሄ ማጉያ ሹክሹክታውን ያጎላዋል። ክፋቱ፣ ከግድግዳው መብራት የሚመጣውንም ጫጫታ አብሮ ያጎላል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ማጣሪያ አደርግለታለሁ። ድንገት ኃይል ቢመጣም ማጉያው እንዳይቃጠል ከፊቱ መከላከያ አለው።"

"በር ላይ ዘበኛ፣ ከዘበኛው ኋላ ወንፊት በለኛ!" አለ ተድላ።

"እንደሱ ነው ጋሽ ተድላ" ብሎ ሳቀ።

ማሽኑ ተገጥሞ ትሁት ሽቦዎቹን ወደ አልጋነሽ ስታመጣ ግን ተድላ እጁን ዘረጋ። "ቆይ እስቲ ልጄ። እኛ ቤት ጠጅ እንኳ ለእንግዳ ሲሰጥ ቀጂው ቀምሶ ነው። እኔ ሳልቀምሰው ሚስቴ ላይ አይታሰርም።"

"ኧረ አታሳፍረኝ! ማሽን ይቀመሳል እንዴ?" አለች አልጋነሽ።

"ምን አገባሽ? እኔ እንደሆንኩ በሬ ነኝ።"

ኢዮሲያስን ደስ አለው። "እንዲያውም ለመለኪያ ጤነኛ ሰው እፈልግ ነበር።"

ተድላ ሸሚዙን አውልቆ ተጋደመ። ወረቀቱ ላይ የወጣው መስመር በምትና በምት መካከል ጸጥ ማለት ሲገባው ነፋስ እንደነካው ውሃ ይንቀጠቀጣል።

"ጫጫታው ገብቷል" አለ ኢዮሲያስ። "ማጣሪያው አልበቃውም። ነገ ተመለሱ።"

በማግስቱ ጫጫታውን የሚያመጣው እሱ እንደሆነ ብለው የክፍሉን ፍሪጅ ከሶኬት ነቀሉት፣ ሽቦዎቹንም እርስ በርስ ገመዷቸው። ተድላ ቀመሰ። ያው ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

"እማማንስ ብንሞክራቸው?" አለች ትሁት።

"በተበላሸ ማሽን እማማን አላስደነግጥም" አለ ኢዮሲያስ።

"እኔን ሳይጥመኝማ እንዴት ተደርጎ!" አለ ተድላ።

አልጋነሽ በየቀኑ ፍርሃቷ እየባሰ ሄደ። የበሬው እንዲህ ከተንቀጠቀጠ የእኔማ ምን ሊሆን ነው ትላለች። ዘሩን የት እንዳስቀመጠች፣ ለየትኛዋ ጎረቤት ወንፊት እንዳዋሰች ሁሉ ትነግረው ጀመር።

"እኔ ስሞት ብቻህን ምን ይውጥሃል?"

"አትሞቺም፣ እኔ እየቀመስኩልሽ!"

በመጨረሻ ኢዮሲያስ ማጣሪያውን እጅግ አድርጎ አጠበቀው። ተድላ ላይ ሲለጥፉት መስመሩ ለሰለሰ። "አለቀ!" ብሎ ተነሳ፤ ከተድላም ጋር ተቃቀፉ። የሙከራው ወረቀት ቅርጫት ገባ።

ከዚያ አልጋነሽ ተጋደመች። ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ቆየች። የእሷን ወረቀት የክሊኒኩ ሐኪም ተቀብሎ አየና "ልብሽ የወጣት ነው፤ የሚያቃጥልሽ ጨጓራሽ ነው" አላት። አለቀሰች። ተድላም አብሯት አለቀሰ፤ እየሳቀ።

መስከረም ሳይጠባ ተድላ ቀፎ ሊያይ ወጥቶ ከዛፍ ወደቀ። ሰዎች ሲደርሱ ትንፋሽ አልነበረውም። ዝናብ ያራሰው ግንድ አዳለጠው ተባለ፤ እንደዚያው ተብሎ ተቀበረ።

አልጋነሽ ጨጓራዋ ድኖላት ዛሬም ማንኪራ አለች፤ ንቦቹን እሷ ናት የምትጠብቃቸው። ትሁት ወደ ደካ ተዛውራ እዚያው አገባች። ኢዮሲያስ አሁንም ያስተምራል። አንድ ቀን ለተማሪዎቹ ጫጫታ ምን እንደሚመስል ሊያሳያቸው ወደዚያው የክሊኒኩ ክፍል ይዟቸው መጣ። ፍሪጁን መልሶ ሰካ፤ የጨመረውን ማጣሪያ ሁሉ አውጥቶ ማሽኑን እንደ መጀመሪያው ቀን አደረገው። ከዚያም ሽቦዎቹን በራሱ ደረት ላይ ለጠፈ።

መስመሩ አልተንቀጠቀጠም።