የወዲያኛው ጎማ

ወንድማማቾቹ አባታቸው በተዋት አሮጌ የመስክ መኪና ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ቆዩ፤ ታላቅየውም እንዳኮረፈ ሞተ። ሚስቱ መኪናዋን ልትሸጣት ስለፈለገች መካኒኩን ታናሽ ወንድም እንዲጠግንላት ለመነችው።

«በቁሙ እጄን ሳያስነካኝ፣ አሁን እኔ ልጠግንለት?» እያለ እያጉረመረመ፣ ያለቀውን የኋላ ዲፈረንሻል፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን የጥርስ ሳጥን፣ ከነአክስሉ አውርዶ ሌላ ገጠመ።

ሊሞክረው የኋላዋን በክሪክ አንስቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ማርሽ አስገባ። እንዲህ ሲሆን አንደኛውን ጎማ ወደፊት ቢያዞሩት ሌላው ወደኋላ ይዞራል።

የወንድሙ ሚስት ከወዲያ ማዶ የቆመች መስሎት ተንበረከከና «እትዬ፣ የዚያን በኩል ጎማ አንዴ ያዙሩልኝ» አለ።

ፊቱ ያለው ጎማ ያለ ኮሽታ ዞረ። ሥራው አምሮለታል።

«ይበቃል።»

አልቆመም።

«ይበቃል እኮ አልኩ፣ እትዬ።»

«ምኑ ነው የሚበቃው?» አለች፣ ውሃ በጆግ ይዛለት ከበስተኋላው ከቤት እየወጣች።

አጎንብሶ በመኪናዋ ሥር አሻግሮ አየ። ከወዲያ በኩል የቆመ እግር የለም። እየዞረ ያለውን ጎማ በሁለት እጁ ጨምድዶ አቆመው።

ከወዲያ በኩል ሆኖ የሚያዞረው ግን እልህ ተጋባና ይበልጥ አጥብቆ ጎተተ።