ጋሽ ወጋየሁ የቆለፉባት መድኃኒት

ይቅርታ አድርጉልኝ… የሰውን ደግነት በአደባባይ ማውራት ነውር ነው። ግን ይቺን በሆዴ መያዝ አልቻልኩም…

«ጋሼ፣ ፍሪጅ አታስገባ ካሉኝ መድኃኒቴን የት ላድርጋት?»

ለቡ መብራት ኃይል… መጋቢት… ቀትር ላይ።

ጠያቂው ከድር ነው። ልብስ ሰፊ። ስኳር አለበት፤ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋል… ሙቀት ካገኛት የምትበላሽ መድኃኒት። ከሚስቱ ከሀኒፋ ጋር የተከራያት የቆርቆሮ ክፍል በዚህ ሙቀት ግድግዳዋ እጅ አያስነካም።

አከራዩ ጋሽ ወጋየሁ አሰቡ…

«ቆጣሪው አንድ ነው። ለተከራይ ፍሪጅም ፋንም አይፈቀድም። ግን እኔም ሰው ነኝ… መድኃኒቷን የኔ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣት።»

ደግነት!

ከድር ጠዋትና ማታ በራቸውን ያንኳኳል… ይወጋል… መርቆ ይሄዳል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ቢያንኳኳ… ዝም። ደወለ።

«ሙቀቱ ልጆቹን አስቸገራቸው፤ ወንጪ ነፈስ ይላል ብዬ ይዣቸው መጣሁ። ሰኞ እንመለሳለን።»

«መድኃኒቴስ ጋሼ?»

«እሷን አታስብ! ማንም አይነካትም፣ በሁለት ቁልፍ ቆልፌባታለሁ። እሳት እንዳይነሳም የግቢውን መብራት ከቆጣሪው አጥፍቻለሁ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«አንተ ደግሞ! በዚህ ዘመን ማን ይታመናል?»

ሀኒፋ መዶሻ አነሳች።

«ልስበረው?»

«ተይ እባክሽ! ከጎናችን ተከራይቶ የነበረው በንቲ ካውያ ሰካ ተብሎ በማግስቱ ዕቃው ውጭ ተጣለ። እኛ በር ሰብረን የት ልንገባ ነው?»

«አንተ ከሞትክ ክፍሏ ምን ታደርግልኛለች?»

«ባክሽ፣ በአራት ቀን አልሞትም።»

ሦስት ፋርማሲ ዞረች። ሦስቱም «አልቋል» አሏት።

ቅዳሜ ሲያስመልሰው ዋለ። እሑድ ሰው መለየት አቃተው። በጎረቤት ባጃጅ ሆስፒታል አስገባችው።

ሰኞ ጋሽ ወጋየሁ ተመለሱ። ፍሪጁን ከፍተው፣ ከሆስፒታል ልብስ ልትወስድ የመጣችውን ሀኒፋን ጠሯት።

«ሥጋዬ በሙሉ ሸቷል… የባልሽ አደራ ግን ይኸው! ጠብታ አልጎደለችም።»

በሁለት እጇ ተቀበለች።

«አላህ ይስጥዎት ጋሼ።»

«ከድርስ? ሰው እንኳን ደህና መጣህ አይልም?»

«ሆስፒታል ነው። እስካሁን ዓይኑን አልገለጠም።»

«ውይ… ሙቀቱ ነው!» አሉ ጋሽ ወጋየሁ።

ትምህርቱ፦ አደራ ማለት ይህ ነው… የሰውን ንብረት ከሌባም፣ ከባለቤቱም ጠብቆ መመለስ።

እናንተ ሀኒፋን ብትሆኑ በሩን ትሰብሩ ነበር… ወይስ ታመሰግኑ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ብቻ ለሌላ ሰው እንዳትነግሩብኝ። ጋሽ ወጋየሁ ደግነታቸው ሲወራ ይሳቀቃሉ።