አያት ያልቀደሟት ቃል

ልጆቹ ቢስቁባትስ? ብለው ሰጉ አያት። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ልጃቸው ለክፍሏ የመረጠችው መጽሐፍ ባለታሪኩ ተብታባ ነው፤ እዚያው ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸውም ትንተባተባለች።

«ተይው ልጄ፣ ሌላ መጽሐፍ ጠፍቶ ነው?»

«እሷው አንብባ ትወስን፣ እማዬ» አለች አስተማሪዋ፣ መጽሐፉን ለልጇ እያቀበለች።

ልጅቷ ቆማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ያዛት። አያት እንደ ልማዳቸው ሊጨርሱላት አፋቸውን ከፈቱ፤ እንግሊዝኛው ግን ከየት ይምጣ? ዝም ብለው ጠበቁ። አንገቷ ተወጠረ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉም ወጣ። ቀጥሎ ያለውም ወጣ። ገጹ እስኪያልቅ አያት አላቋረጧትም። ለካ ከጠበቋት ትደርሳለች።

ልጅቷ መጽሐፉን በእናቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ወደ ትምህርት ቤት ወጣች።