በዋርካው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ዶክተር ተክለጻድቅ የመጡት የዋርካ ወተት ለማጥናት እንደሆነ ይናገራሉ። ኦቦ ዋቅወያ ደግሞ ሰውየው የመጡት መሬት ሊለኩ ነው ይላሉ። በሁለቱ መካከል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ነቀምቴ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ዶክተሩ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

ከሲሬ ወጣ ብሎ፣ በዋቅወያ ማሳ ዳር፣ የዋርካው ግንድ ላይ በቀይ ቀለም «14» ተጽፏል። እዚህ አገር ዛፍ ላይ ቁጥር የሚጽፍ መሬት የሚለካው ቀላድ ጣይ ብቻ ነው። ይህን ለዶክተሩ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። የቀለሙን ጣሳ የያዝኩላቸው ግን እኔው ነኝ።

ዶክተሩ ከዛፉ የፈሰሰውን ነጭ ወተት በመዳፋቸው ይዘው ሎሚ ይጨምቁበታል። ይረጋል። ሲስቡት እንደ ጎማ ይለጠጣል።

«ፖሊመር ይባላል፤ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነገር ነው» ይላሉ። እተረጉማለሁ።

«አዲስ አበባ ላም አለቀ እንዴ፣ ዛፍ የምታልቡት?» ትላለች የዋቅወያ ሚስት ቀለሟ። የቆመው ሁሉ ይስቃል። ዋቅወያ አይስቁም።

«ወንድሜን ነመራንም ቀላድ ጣዮቹ ‹ቁጥር ብቻ ነው› ብለውት ነበር። በሦስተኛው ዓመት በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ።» ወደ እኔ ይዞራሉ። «ባርሲሳ» ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው፣ እንደ ተማሪዎቼ። «አንተ የኛው ልጅ ነህ። ደብተራቸው ውስጥ ስሜ አለ?»

የተጠየቅኩትን ለዶክተሩ እነግራቸዋለሁ። ደብተሩን ገልጠው ይሰጡኛል።

«ዛፍ 14፣ የዋቅወያ ማሳ፣ ከወንዙ 212 እርምጃ።» በሚመጣው ክረምት ዛፉን መልሶ ለማግኘት ይሆናል። ግን ከሥሩ ማሳው እስከ አራቱ ጥጉ ተስሏል። ዛፍ ለሚፈልግ ሰው የማሳ ጥግ ምን ያደርግለታል?

«ኬሚስትሪ ብቻ ነው በላቸው፣ ጃራ» ይላሉ ዶክተሩ በስሜ ጠርተውኝ፣ ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ይህ ጥናት ከተቋረጠ ፕሮፌሰርነቴ ቀረ ማለት ነው።»

የሚዋሹ ሰው አይመስሉኝም። ነመራን ያነጋገሩት ሰዎችም አይመስሉም ነበር ይሆናል።

ወደ ዋቅወያ ዞሬ በቋንቋችን እናገራለሁ።

«ኦቦ፣ ስምዎ አለ። እርምጃውም፣ የማሳው ሥዕልም አለ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሁሉንም አነባለሁ፤ እናንተው ፍረዱ።»