የካፒቴኑ መንታ

ትርሲት ጌም ስትጫወት የታሪክ ስህተት ካላገኘች እህል አይበላላትም። ዛሬ ደግሞ ምዕራፍ ሁለት ላይ ከነመንኮራኩሩ ፀሐይ ውስጥ ገብቶ ዶግ አመድ የሆነውን ካፒቴን፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ቁጭ ብሎ ፍርፍር ሲበላ ያዘችው።

"ጅል አደረጋችሁን እንዴ?" ብላ ጮኸች።

በሷ ዘመን ጌም ሠሪዎች ታሪክ ማሰብ ትተዋል። ቀዳዳ ያገኘ ተጫዋች "ድፈን" የሚለውን ሲጫን፣ ጌሙ ከተጫዋቹ ትዝታ አንዱን ወስዶ ይደፍንበታል። የተወሰደው አይመለስም። ትርሲት ትምህርት ቤት የተማረችውን ሂሳብ ያጣችው በዚሁ ነው፤ ምንም አልጎደለባትም። ተጫነችው።

ካፒቴኑ ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ፣ "የሞተው መንታ ወንድሜ ነው" አለ። "እናታችን አንድ ዓይነት ሹራብ ታለብሰን ነበር። አንዳችን ስናጠፋ ሁለታችንንም ነበር የምትገርፈን።"

"እንዲህ ነው እንጂ ታሪክ!" አለች ትርሲት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ በቀጥታ ወደ ምድጃው ሄዳ ድስቱን ከፈተችና በጣቷ ቀመሰች። ቁርጥ ትርሲትን ትመስላለች።

"ዛሬም ጨው ረሳሽ" አለች።

ትርሲት ከላይ እስከ ታች አየቻትና ደሟ ፈላ። "ይቺ ደግሞ ከየት መጣች? የኔን መልክ ይዛ፣ በኔ ቤት! ማነው ይሄን የጻፈው?"

መንታዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች።